አጎቴ ያሻሻጡኝ ቀን

ራፐር ነኝ ስል ከሚሴ ውስጥ የሚስቅብኝ እንጂ ከቁም ነገር የሚቆጥረኝ አልነበረም። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀልኩ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥዬ የቀረጽኩት ቪዲዮ ግን ቲክቶክ ላይ ዞረና፣ አንድ የአዲስ አበባ ሙዚቃ አሳታሚ ደወለልኝ። "ውል ይዤልህ እመጣለሁ" አለ። የሰውየው የዩቱብ ቻናል ስንቱን ያስነሳ ነው። ዘፈኔ እዚያ ካልወጣማ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

እናቴ ግን "ብቻህን አትፈርማትም፤ አጎትህ ይቀመጡ" አለች። አጎቴ ሰንበቴ ገበያ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ የከብት ደላላ ናቸው። ከአፋር የመጣው ግመልም ከደጋ የወረደው በሬም በእሳቸው አፍ ነው የሚሸጠው። ራፕን በተመለከተ፣ እኔ ስለማመድ ሰምተው "ምነው፣ ከማን ጋር ነው የሚጣላው?" ብለው ጠይቀው ያውቃሉ።

አሳታሚው ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከሚሴ አንድ ሻይ ቤት ጠበቀን። አጎቴ "አካም ጅርታ፣ ልጄ" ብለው ጨበጡት፤ ቤተሰቡን ጠየቁት፣ መንገዱን ጠየቁት። ከዚያ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጀመሩ።

"በእኛ ገበያ የከብት ዓይብ፣ ማለት እንከን፣ ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው። እንከኑን አስቀድሜ ልንገርህ። ይሄ ልጅ ትንፋሹ አጭር ነው። ጠዋት አይነሳም። ዜማ አይችልም፤ ለዚያ ነው የሚለፈልፈው። አመሉ ግን ወላሂ ደህና ነው፤ አይዋጋም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አሳታሚው ሻዩ ትን አለው። "ችግር የለም አባባ፤ ከነእንከኑ ወስጄዋለሁ" አለ እንባውን እየጠረገ።

"ጎሽ። አሁን ያንተን ተናገር።"

"የኔን ምን?"

"ዓይብህን ነዋ! ገዢስ እንከን የለውም? ለእርሻ ነው ለእርድ የምትወስደው? ሻጭ ማወቅ አለበት።"

ሰውየው በቀልድ ሊያልፈው ሞከረ። አጎቴ ግን ዝም ብለው አፍጥጠው ስንቱን ነጋዴ ያስለፈለፉ ሰው ናቸው። በመጨረሻ መነጽሩን አውርዶ አጠፈው።

"እውነቱን ልንገርዎት አባባ። ብዙ ልጆች እናስፈርማለን፤ የሁሉንም ዘፈን ግን አናወጣም። አንዳንዱን ሌላ ድርጅት እንዳይወስድብን ብቻ ነው የምናስፈርመው። ውሉ እስኪያልቅ ደግሞ ሌላ ቦታ ማውጣት አይችልም።"

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። "ሰማህ፣ ኢልማኮ፣ ልጄ? በሬውም አንተ፣ ባለበሬውም አንተ። ወስን።"

ጆሮ አልጎደለኝም፤ ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ብቻ ስለ ሌሎቹ ልጆች የሚያወራ መሰለኝ። እስክሪብቶውን ከሰውየው እጅ መንጠቅ እስኪቀረኝ ተስገብግቤ ፈረምኩ።

ክረምቱ አለፈ፣ የጨፋ ሜዳ ማሽላ ታጨደ፣ ዘፈኔ የለም። ስደውል "በቅርቡ" ይሉኛል። የሰፈሩ ልጆች "የት ደረሰ?" ባሉኝ ቁጥር መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ። አንድ የገበያ ቀን ደሜ ፈልቶ ሰንበቴ ወረድኩና አጎቴን ከከብቱ መሃል ጎትቼ አወጣኋቸው።

"ሰውየው አጭበርባሪ ነው! ሽማግሌ ይዘን ሄደን ውሉን እናስፈርሰው!"

"አጭበርባሪ?" አሉ ከልባቸው ተቀይመው። "አስተግፊሩላህ በል! ስንት ዓመት እዚህ ስውል እንደሱ ያለ ሐቀኛ ገዢ አላጋጠመኝም። አናወጣም አለ፤ አላወጣም።"