በአቡጀዲ ላይ የቀሩ እረኞች

ግራሲያና ኢሪጎየን የቤተ መዘክሩን ሦስተኛ አዳራሽ መጠበቅ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራው ቀላል ነው ይሏታል፤ ጥግ ላይ ባለችው በርጩማ ተቀምጦ ሥዕል በጣቱ ሊነካ የሚጠጋውን ሰው «ተው» ማለት ነው። ወደ ማታ እግሯ ሲያብጥ ግን ቀላልነቱ አይታያትም። ሌሎቹ ሁለት አዳራሾች ዓመት እስከ ዓመት ያው ናቸው። በእሷ አዳራሽ ግን በየሦስት በየአራት ወሩ አዲስ ዐውደ ርዕይ ይገባል፤ ግድግዳው ተቀብቶ ሳይደርቅ ሣጥን በጭነት መኪና ይመጣል።

በነዚህ ዓመታት ያላየችው ፈረስ የለም። በበረዶ የሚሄድ ፈረስ፣ በአቧራ የሚሄድ ፈረስ፣ ሰው ጥሎ የሚሄድ ፈረስ። ላሞች ወንዝ ሲሻገሩ አይታለች። አንድ ክረምት ሙሉ ኮርቻ ብቻ ጠብቃለች። በግ ግን አንድም ቀን አልመጣም። አንዴ በአንድ ትልቅ ሥዕል ላይ፣ ከተራራው ሥር፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች አይታ ሁለት ቀን ስትደሰት ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ሠዓሊው ራሱ መጥቶ ድንጋይ ናቸው አላት።

እዚህ አሜሪካ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ከብት አርቢና በግ አርቢ ድሮ እሳትና ጭድ ነበሩ። ዛሬ ጠቡ በርዷል፤ ቤተ መዘክሩን ያሠሩት ግን ከብት አርቢዎቹ ናቸው። ግራሲያና አራት ዳይሬክተሮችን በየተራ ጠይቃለች። አራቱም በትሕትና፣ በግ ሰው አይስብም ብለው መልሰዋታል።

አባቷና አጎቷ ማቲን በግ ሊጠብቁ ከአውሮፓ፣ ከባስክ አገር የመጡ ናቸው። አባቷ ሚስት አግብቶ ከተማ ገባ። ማቲን ሳያገባ፣ ሁለት ሺህ በግና ሁለት ውሻ ይዞ ክረምት ከበጋ ተራራ ላይ ኖረ። ወሬ የሚያወራው ሰው ስላልነበረው፣ እንደ ሌሎቹ እረኞች ሁሉ፣ በአስፐን ዛፍ ነጭ ልጥ ላይ በካራ ጫፍ ይጽፍ ነበር። ጭረቱ ሲጻፍ አይታይም፤ ዛፉ ባደገ ቁጥር ግን እየጠቆረና እየሰፋ ይወጣል። ክፋቱ አስፐን መቶ ዓመት አይሞላውም። ይወድቃል፤ ጽሑፉም አብሮት ይበሰብሳል።

ማቲን በሞተ በዓመቱ ግራሲያና አቡጀዲና ጥቁር ሰም ይዛ ተራራ ወጣች። ጨርቁን በግንዱ ላይ ወጥራ በሰሙ ስታሸው ፊደሉ እንዳለ ወጣላት። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት፣ በረዶው በቀለጠ ቁጥር፣ እንደዚያው አደረገች። ወደ መቶ አርባ የሚሆን ጥቅል በቁም ሣጥኗ ውስጥ ተከማቸ። ምስጢር አልነበረም፤ ጠያቂ ስላልነበረ ብቻ ለማንም ሳትናገር ቀረች።

አንድ የካቲት፣ ሥዕል ሊያውስ ቃል የገባው ሌላ ቤተ መዘክር የውኃ ቧንቧው ፈንድቶበት ዐውደ ርዕዩ ተሰረዘ። አምስተኛዋ ዳይሬክተር ኬንድራ ፎስ፣ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባዶው አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታገላብጣለች። ሰባት ሳምንት ምን እንደምትሰቅል አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ ተነሺ፣ ወለሉ ይበርዳል» አለቻት ግራሲያና። «እኔ ቤት የሚሰቀል ነገር አለ። በግ አለበት ብለሽ ግን እንዳትሸሺ።»

ኬንድራ ያን ዕለት ማታ መጥታ ጥቅሎቹን ፈታች። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ካፖርቷን አወለቀች፤ ሠላሳኛው ላይ ደውላ የግድግዳ ቀለም አዘዘች።

አርባ አንድ ጨርቅ ተሰቀለ። ከአንዱ በቀር በሁሉም ሥር ባስክኛው ተተርጉሞ ተጻፈ፦ «ውሻዬ ሞተች»፣ «ነሐሴ ነው፣ በረዶ ጣለ»፣ «ሴት ካየሁ ዘጠና ቀን»። የመጀመሪያው ሳምንት ጸጥ ያለ ነበር። ከዚያ የአሮጌ እረኞች ልጆች ከሦስት አውራጃ መምጣት ጀመሩ፤ የአባታቸውን ስም አግኝተው የሚያለቅሱም ነበሩ። ግራሲያና የሚነካ ሰው ስታይ እንደ ልማዷ «ተው» ትል ነበር፤ እነዚህን ግን አይታ እንዳላየች አለፈች።

በሦስተኛው ሳምንት ሄርሽል ክራንዶል መጣ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በትምህርት ቤት በጥቂት ክፍል ይቀድማት ነበር። የክራንዶሎች የከብት መሬት ከወንዙ እስከ ተራራው ወገብ ይደርሳል። አባቱ የበግ ሰው ጥላ የማይወድ ነበር፤ ሄርሽልም ያንኑ ወርሶ፣ ዛፎቹን ላሳሽ ብላ ስትለምነው ሁለት ጊዜ በሩን ዘግቶባታል። ባርኔጣውን ሳያወልቅ አዳራሹን ዞረና አንዱ ጨርቅ ዘንድ ቆመ። ከሥሩ «ማቲን ኢሪጎየን፣ 1958። ከክራንዶል መሬት» ብቻ ይላል።

«የሌላው ሁሉ ተተርጉሟል» አለ። «የዚህኛውስ?»

«ፊደሉ ደብዝዟል» አለችው።

ፊደሉ እንደ ቅንድብ ጥቁር ነበር። ሄርሽል እሷንም ጨርቁንም አየና ወጣ። በነጋታው ተመልሶ እዚያው ቆመ። እንዲህ እያለ አራት ቀን ተመላለሰ። በአራተኛው ቀን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወደ በርጩማዋ መጣ።

«መሬቴ ውስጥ መቼ ገባሽ?»

«አንተ ጥጃ ልትሸጥ የሄድክ ጊዜ።»

«በየት በኩል?»

«በሽቦው ሥር። ያኔ ቀጭን ነበርኩ።»

የሄርሽል አፍ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስድብም ቢሆን እንድታነብለት ጠየቃት፤ በዚህ ዕድሜው ስድብ እንደማይገድለው ነገራት። ግራሲያና እስካሁን የሆዷን በሆዷ የያዘችው እሱን ፈርታ አልነበረም። የሞተች ሴት ምስጢር ነው ብላ ነው። አሁን ግን ፊቱን አይታ ተነሣችና ጨርቁ ፊት ቆማ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችለት።

«‹የክራንዶል አጥር ጠማማ ነው። ሰውዬውም ጠማማ ነው። የሚስቱ ዳቦ ግን የእናቴን ያህላል። ሐሙስ ታመጣልኛለች።›»

ሄርሽል ወደ ጨርቁ ተጠጋ።

«እናቴ ሐሙስ ሐሙስ፣ ምንጩን አይቼ ልምጣ እያለች በፈረስ ትወጣ ነበር» አለ። «አባቴም ሂጂ ይላታል። ምንጩ እኮ ከምትወጣበት በወዲያኛው በኩል ነው።»

«ዳቦ ነው የሚለው፣ ሄርሽል። ከዳቦ ሌላ አንድም ቃል የለም።»

«ገብቶኛል» አለና ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ያን ሁሉ ዘመን ከአባቴ ጋር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ መልስ ስትመልስለት አልሰማሁም። ለካ መልሷን በጆንያ ይዛ ትሄድ ኖሯል።»

ትርጉሙ ተሟልቶ እንዲጻፍ የጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ኬንድራ «ጠማማ» የሚለው ይቅር ይሆን ብላ ብታመነታ፣ አጥሩ ዛሬም ጠማማ መሆኑን፣ ጥርጣሬ ካላት መጥታ ማየት እንደምትችል ነገራት። እናቱ ኦፓል እንደምትባልም አስጨመረ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ግራሲያና ሌላ በርጩማ ከዕቃ ቤት አስወጣችለት። ብዙ አያወሩም፤ ሲያወሩም በአብዛኛው ስለ ጉልበታቸው ነው።

ሰባት ሳምንቱ አለቀ። ግራሲያና ጨርቆቹን በእጇ አወረደች፤ ግድግዳው ተቀባ፤ የነሐስ ፈረሶች በሣጥን መጡ። ከጎናቸው ቆማ ስትጠብቅ ዐይኗ ጨርቆቹ ተሰቅለው ወደነበሩበት ግድግዳ ይሄድ ነበር። ለማንም ግን አላማረረችም፤ አዳራሹ የሚገባና የሚወጣ ነገር ቤት መሆኑን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

በሰኔ ስልኳ ጮኸ። ሄርሽል ነው።

«በረዶው ቀልጧል። ዛፎቹ ዘንድ የሚያደርስ መንገድ አለኝ። በበሩ በኩል ነይ፤ በሽቦው ሥር የምታልፊበት ወገብ አሁን የለሽም።»

በፒካፕ መኪናው ይዟት ወጣ። የማቲንን ዛፍ ነፋስ ጥሎታል፤ ልጡ ተልጦ ፊደሉ ሊነበብ አልቻለም። ሁለቱም ግንዱን ዞረው አዩት። ከዚያ ወዲያ ግን፣ እሷ በፍርሃት ደርሳበት በማታውቀው ዳገት፣ ሌሎች የተጻፈባቸው ዛፎች ቆመው አገኙ። ሄርሽል በረጅም ክንዱ አቡጀዲውን ከላይ ይወጥራል፣ እሷ ከታች ሰሙን ታሻለች። ነፋሱ ጨርቁን ፊቱ ላይ ሲያለብሰው እየተነጫነጨ ይገፋዋል።

«ይሄስ ምን ይላል?» ይላታል፣ ፊደሉ ሁሉ ወጥቶ ሳያልቅ።

«ቆይ እንጂ፣ ያዝልኝ።» መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለች። «ዝናብ ነው የሚለው። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ።»

«ስለ ዳቦ የለም?»

«ስለ ዳቦ የለም።»

«እንግዲያው ወደሚቀጥለው እንሂድ» አለና ጨርቁን ከላይ በጥንቃቄ መጠቅለል ጀመረ።