ለፉርጎው በር የተለካች

መካነ ሰላም ባቡር አልፎባት አያውቅም፤ አዩብ ግን የባቡር ሰው ነው። ኩዌት አንድ ሽማግሌ ቤት ተቀጥሮ ሲኖር ዋና ሥራው በሰፊ ጠረጴዛ ላይ የሚዞሩ ትንንሽ ባቡሮችን አቧራ መጥረግ ነበር። ሽማግሌው ሲያሰናብቱት ጥቂት ፉርጎዎችና ካሊፐር የሚሉትን ጥቃቅን ነገር የሚለካ የብረት መለኪያ ሰጡት። «ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ማነስ አለበት፤ ልኩን ከሳተ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉት። ሌላው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲመለስ እሱ ፉርጎ ይዞ መምጣቱ ሰፈሩን ሲያስቅ ከረመ፤ «ባቡሩ» የሚል ስምም አተረፈለት።

እሱ እቴ፣ መች ሰምቶ! ሥራ በፈታ ቁጥር በረንዳው ላይ ተቀምጦ የእውነተኛውን ልክ ከስልኩ እያየ ጎማውን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን ይለካል። ሁሉም ልክ ነበሩ። አንዱ አረንጓዴ የመንገደኛ ፉርጎ ብቻ በሩ ዝቅ አለበት።

«ሰው ካልገባበት ምኑን ፉርጎ ሆነው?» እያለ ሲብሰለሰል ሚስቱ ሱሀይላ ብቅ አለች። ስንት ዓመት ተለምኖ የመጣውን ልጅ አርግዛ ወሯ ገብቷል። አዩብ ሜትሩን ለግንበኛ አውሶ ስለነበር ከአጥሩ ሥር ሸምበቆ መዘዘና ከግድግዳው አስጠግቶ አቆማት። ሸምበቆውን በአናቷ ልክ ቆረጠው፤ ከዚያ በካሊፐሩ እየከፈለ በእርሳስ ምልክት አደረገበት። ለሰማንያ ሰባት ሲያካፍለው የፉርጎው በር የሱሀይላ ልክ ሆኖ ተገኘ። ፀጉር እንኳ አያሾልክም።

«አንቺን ብቻ ነው የሚያስገባው» አላት እየሳቀ።

እናቱ ፋጢማ ከጓዳ ሲወጡ ሸምበቆውን አይተው ክው አሉ።

«አዑዙ ቢላህ! ሰው በቁሙ በሸምበቆ ይለካል? በል አሁኑኑ ሰባብረህ ጣል!»

እዚያ አገር ሰው በሸምበቆ የሚለካው አንዴ ነው፤ ሲሞት፣ መቃብሩ በልኩ እንዲቆፈር። አዩብ ይህን አጥቶት አይደለም፤ ስደት አዘናግቶት ነው። «እሺ እማ» አለና፣ ልኩ ለሌላ ፉርጎ ይጠቅመኛል ብሎ ሳይሰብር ከውጭ አጥሩን አስደገፈው።

በማግስቱ አጥር የሚጋሯቸው እትዬ ብዙዬ ሞቱ። እርጅና አጉብጦ፣ አኮማትሮ የጨረሳቸው ሴት ነበሩ። ሴቶቹ ከቤት አስከሬኑን ሲያጥቡ መቃብር ቆፋሪው ጋሼ ጀብሪል አጥሩ ላይ የሚቀመጥለትን የልክ ሸምበቆ ይዞ አስቀድሞ ወደ መቃብሩ ሄዶ ነበር። አዩብም ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ።

እትዬ ብዙዬን ሲያወርዷቸው ከእግራቸው ሥር ባዶ ቦታ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ወደ ቆፋሪው ዞረ።

«ጀብሪል፣ ምን ነካህ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«እኔ ምን ላድርግ! አጥሩን ተደግፎ ባገኘሁት ሸምበቆ ነው የለካሁ» አለና ሸምበቆውን ከአፈሩ ላይ አንስቶ አሳየ።

የአዩብ የእርሳስ ምልክት አለበት። የእትዬ ብዙዬ ሸምበቆ አጥሩ ሥር ወድቆ ቀርቷል ማለት ነው፤ የተቆፈረው በሱሀይላ ልክ ነው። አዩብ ፈራ፤ ሲፈራ ደግሞ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ጋሼ ጀብሪል ጎንበስ ብሎ ክንዱን በባዶው ቦታ ላይ ዘረጋ። ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ልክክ አለ።

«አንድ ክንድ ተርፏል» አለ። «ጨቅላ ያስተኛል። ያረቢ፣ አንተ ታውቃለህ።»

አዩብ አፈሩ እስኪመለስ አልቆመም። ሰው ምን ይለኛል ሳይል ቁልቁል ሮጠ። እናቱ ለቅሶ ቤት ናቸው። ሱሀይላ ደጃፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ሲያለከልክ አይታ እንኳ ምን ሆንክ አላለችውም።

«አዩብ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ከጧት ጀምሮ እኮ አልተንቀሳቀሰም።»