ለቁስሉ የሰጠሁት ቁጥር

የያዙኝ በቀትር፣ ሲኒማ ራስን አልፌ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ቤቴ ሳዘግም ነው። ሁለት ነጭ ለባሾች ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው፣ እንደ ሚዜ አጅበው፣ እዚያው መርካቶ ውስጥ ወዳለ ጣቢያ ወሰዱኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቅ አንደኛው፣ «ስትደርስ አንተው ትነግረናለህ» አለኝ።

የከተቱኝ ክፍል ቀድሞ የበርበሬ መጋዘን ሳትሆን አትቀርም፤ ግድግዳዋ ያስነጥሳል። ሦስቴ አከታትዬ ሳስነጥስ ከጥጉ አንድ ድምፅ፣ «ይማርህ! ግባ ልጄ፣ ይለመዳል» አለ። ጋቢ የተከናነቡ፣ ጣቶቻቸው በብረት ብዛት የጠቆሩ ሽማግሌ ናቸው። ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ገዝተው፣ አቅልጠው ድስት የሚያወጡ ነጋዴ ነበሩ።

«ምን ሠርተህ ነው?» አሉኝ።

«ቁጥር ጽፌ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

እውነቴን ነበር። በአንድ ሆስፒታል መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ሐኪሙ የበሽተኛውን ነገር ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ ከውጭ ከመጣ ወፍራም መጽሐፍ ለበሽታውም ለአደጋውም ቁጥሩን ፈልጌ ካርዱ ላይ አሰፍራለሁ። ያን ሰሞን አንድ ወጣት ወታደር በቃሬዛ መጣ። አብሮት የመጣው ወረቀት «በፈቃድ ላይ ሳለ መኪና ተገልብጦበት» ይላል። የሐኪሙ ጽሑፍ ግን ሌላ ነው፦ በነዳጅ የተቃጠሉ እጆች፣ ከላይ ወደ ታች የተጨፈለቀ የወገብ አጥንት፣ በሁለቱም ትከሻ ላይ የማሰሪያ ቀበቶ ሰንበር። በዚያ ዘመን መኪና ውስጥ ትከሻውን በቀበቶ የሚያስር ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ «የአውሮፕላን አደጋ፣ ዓይነቱ ያልታወቀ» የሚለውን ቁጥር ጻፍኩ።

ቁጥሩ ደግሞ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰውየው ውጭ አገር ካልታከመ አይራመድም ተብሏል። በግዳጅ ላይ የተጎዳውን የሐኪሞች ቦርድ ካርዱን አይቶ በመንግሥት ወጪ ይልከዋል፤ በፈቃድ ላይ በመኪና የተጎዳው ግን ክራንች ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ሽማግሌው ጨዋታው ጣማቸው። «የበቅሎ ርግጫ ቁጥር አለው?»

«አለው።»

«ከዛፍ መውደቅስ?»

«አለው።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፖሊስ የመታውስ?»

«እሱም አለው፣ ጋሼ።»

በሳቅ ፈረሱ። ዘበኛው በሩን በሰደፍ ሲደበድበው ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሳቁ።

ሳቃቸው ሲበርድ የራሳቸውን ነገሩኝ። በዚያው ሰሞን አንድ ባላገር በአህያ ጭኖ የሸጠላቸው አልሙኒየም ነው ያሳሰራቸው።

«የአውሮፕላን ነው። ሳነሳው አወቅሁት፣ ላባ ነው። ደግሞ የአንድ አይደለም፤ አንዱ ብርማ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ። ሁለቱም ላይ የጦሩ ምልክት አለ። ብርማው ላይ የአረንጓዴው ቀለም እንደ እርሾ ተጋግሮበታል።»

«አጥር ገጭቶ ቢሆንስ?»

«አጥር ክንፍ አለው እንዴ? የገዛ አውሮፕላኖቻቸው ተጋጭተው ነው እንጂ! ይኼ እንዳይወራ ነው ያሰሩኝ።»

ልቤ ዘለለ። እስረኛነቴን ረስቼ ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ዓይነቱ ያልታወቀ ብዬ የተውኩት ታወቀ። የጦር አውሮፕላን ከሌላ ጋር ሲጋጭ የራሱ ቁጥር አለው። ይህንን ስነግራቸው፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው ተረቱብኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ የመቶ አለቃ አስጠራኝ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አውሮፕላን ነው ብሎ ማን ነገረህ?»

«ማንም። ከቁስሉ ነው ያወቅሁት።»

«ቁስል አፍ አለው?»

«ለለመደው ያወራል፣ ጌታዬ።»

በጥፊ አጮለኝ። ለጥፊውም ቁጥር እንዳለ አልነገርኩትም።

«የቦርዱ ሐኪሞች በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ አንቀበልም ብለው አስቸግረዋል። በገዛ እጅህ የመኪና አድርገውና ቤትህ ግባ» ብሎ ብዕር ሰጠኝ።

በእኛ ሥራ ስህተት አይፋቅም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ የተሰረዘው እንደተነበበ ይቆያል፣ አጠገቡ ይፈረማል። ፈርቼ ነበር። ግን ያን ሰው በክራንች መሸኘት አቃተኝ፤ የተሳሳተ ቁጥር መጻፍም አላስቻለኝም። የቀድሞውን ሰረዝኩ። በላዩ የተጋጩትን የጦር አውሮፕላኖች ቁጥር ጻፍኩና ፈረምኩ።

አዙሮ ተመለከተው። ቁጥር እንጂ አማርኛ አይደል፣ ምን ይነግረዋል?

«ይኼ ትክክል ነው?»

«አሁን ትክክል ነው፣ ጌታዬ።»

ኮቴን ልወስድ ወደ ክፍሏ ስመለስ ሽማግሌው፣ «ቀየርከው?» አሉኝ።

«ቀየርኩት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ «የሁለቱን ግጭት ነው የጻፍኩት» አልኳቸው። አንገቴን ስበው ግንባሬን ሳሙኝ።

ነገሩ የታወቀው ቦርዱ ከወሰነና ሰውየው ከተላከ በኋላ ነው። ከሥራ ተባረርኩ። ሽማግሌው መለቀቃቸውን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ቁስሉን የጻፈውን ሐኪም ያገኘሁት ደግሞ በዓመቱ መርካቶ ግርግር ውስጥ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «በእግሩ ተመለሰ!» አለኝ። እዚያው በሰው መሀል አለቀስኩ።

አሁን እኔ ራሴ በከዘራ ነው የምሄደው። መንገድ ላይ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ሲራመድ ካየሁ ቆም እልና ወገቡን አያለሁ። የዚያን ወታደር ፊት አላውቀውማ፤ የማውቀው ካርዱን ብቻ ነው።