ወደ ውስጥ የምንላት አዎ

ሚዜዬ የነበረችው ሴት ይህን ታሪክ በየማኅበሩና በየልደቱ ታወራዋለች፤ ሰውም ይስቃል። እኔ ባለሁበት ቤትም አውርታዋለች። «የኛ እመቤት ቬትናም ሄዳ በትንፋሽ አዎ እያለች ሰውየውን አስደነገጠችው። አስም ያለባት መስሎት ቫን ውስጥ ከተታት። እኔ ደርሼ፣ አስረድቼ አስወጣኋት» ትላለች። ከዚያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ታሳያለች። አንዷ «እስኪ ድገሚው» ስትላት ትደግመዋለች።

እኔም ፈገግ እላለሁ። በሰው ድግስ ላይ ጠብ አይነሳም። በጽሑፍ ግን ማንም አይከለክለኝም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ። ቫን ውስጥ መግባቴ እውነት ነው። «ደርሼ፣ አስረድቼ» የምትለው ውሸት ነው።

ብስክሌት የለመድኩት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ዞሮ የሚያያት የለም። አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ግን ልጆች ሳሳድግ፣ ኮንየርስ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስገፋ ኖሬ፣ ኮርቻ ላይ የወጣሁት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ጉልበቴ ተበላሽቶ ሐኪሙ «ወይ ዋና ወይ ብስክሌት» አለኝ። የጣና ልጅ ሆኜ ዋና አልችልም። ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁና ነጮቹ መነኮሳት ወዳሉበት ገዳም በሚወስደው የብስክሌት መንገድ ጠዋት ጠዋት መንዳት ጀመርኩ። ጥድ ነው ግራ ቀኙ። ማንም አያናግረኝም፤ ያ ነው የወደድኩለት።

ሚዜዬ ይህን ሰማች። ብሩክሄቨን ትልቅ ቤት አላት፤ ቤት ታሻሽጣለች፤ ሰው የጀመረውን ነገር ካልጀመረች እንቅልፍ አይወስዳትም። የኔን ብስክሌት አራት እጥፍ የሚያወጣ ገዝታ፣ ከአናቷ እስከ ጫማዋ አንድ ዓይነት ቀለም ለብሳ መጣች። የቬትናሙንም ጉዞ ያገኘችው እሷ ናት። የሩዝ ማሳ በሞላበት፣ ትልቅ ወንዝ በሚያልፍበት ደልዳላ አገር ውስጥ ለቀናት ተነድቶ፣ በመጨረሻ ኬላ አልፎ ካምቦዲያ የሚገባ ጉዞ ነው። አስጎብኚ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ሻንጣ የሚይዝና የደከመውን የሚጭን ቫን ይከተላል።

ሩዙም ወንዙም አላማረኝም ነበር። የሄድኩት ለኬላው ነው።

ወጣት ሳለሁ ወደ ሱዳን የተሻገርኩት የጭነት መኪና ላይ፣ በሰሊጥ ጆንያ ሥር ተኝቼ ነው። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ድንበሩን አላየሁትም። መኪናው ቆመ፣ ሰዎች ተጯጯኹ፣ መኪናው ሄደ፤ በኋላ አንድ ሰው ጆንያውን ገለጥ አድርጎ «አልፋችኋል» አለን። እንደ ዕቃ ነው ያለፍኩት። ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ካርቱም፣ በሠርጌ ዋዜማ፣ ለሚዜዬ። እና ጉዞውን ስትነግረኝ «አንድ ድንበር እንኳ ቁጭ ብዬ፣ ዓይኔን ገልጬ፣ በራሴ እግር ማለፍ እፈልጋለሁ» አልኳት። «ወይኔ የኔ እናት! በቃ እንሄዳለን፤ አብረን እናልፋለን» ብላ ስልኩ ላይ አለቀሰች። እንባዋ ቅርብ ነው።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። እሷ ካርቱም በእርዳታ ድርጅት ቢሮ ስለሠራች እንግሊዝኛዋ ከሁላችን ቀድሞ ቀንቷል። አትላንታ ስንገባ ስለኔ የምትናገረው እሷ ነበረች። «ተይው፣ እኔ ላስረዳልሽ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ የመጋዘኑ አለቃዬ የማታ ፈረቃ ስትጭንብኝ ይዣት ሄድኩ። «ልጆቼን ማን ያያል? ይህ ልክ አይደለም፣ አልስማማም በያት» አልኳት። ረጅም ነገር አወራች። አለቃዬ ሳቀች፣ እሷም ሳቀች። እኔ አመስግኜ ወጣሁ፤ ፈረቃውም አልተቀየረም። ከንግግሯ «ሺ ዊል ማኔጅ» የምትል ጆሮዬ ላይ ቀርታ ነበር። ትችለዋለች ማለት እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ ሌላ ሰው ስለሌላ ሴት ሲናገራት ስሰማ ነው። ለምን እንዲህ አልሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ያን ጊዜ ብጠይቃት እንኳ የምታለቅሰው እሷ ናት።

ቬትናም ደረስን። ከኛ ሌላ አራት አሜሪካውያን ነበሩ፤ ሁሉም ጡረተኞች፣ ሁሉም ፈጣን። አስጎብኚው ጨዋ ወጣት ነው። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ የሱ አነጋገር ግን ለኔ አንቱታ ነበር። ማታ ማታ ከራት በፊት የነገውን መንገድ ያስረዳናል፤ ድልድዩ የት ነው፣ ጀልባው የት ነው፣ ውሃ የምንሞላው የት ነው። እኔም እየሰማሁት መሆኔን እንዲያውቅ በየመሃሉ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግኩ አዎ፣ አዎ እለዋለሁ። ያቺን አዎ አገሬው ሁሉ ያውቃታል፤ እንደ ዓይን መርገብገብ ናት፣ ሲያደርጓት አትታወቅም። ልጁ ግን በየመሃሉ ንግግሩን እያቆመ ያየኛል።

«ደህና ነዎት?»

ሳብ አደርጋለሁ። አዎ ማለቴ ነው።

«እርግጠኛ ነዎት?»

አሁንም ሳብ።

ውሃ ያቀርብልኛል። ወንበር ይስብልኛል። እኔ እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነው ብዬ መረቅኩት። ሚዜዬ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች።

እሷን ያስጨነቃት ሌላ ነው። እኔ እነዳለሁ እንጂ አልፈጥንም። ሰዎቹ ቀድመው ደርሰው ጥላ ሥር ቆመው ይጠብቁናል፤ እሷም ከኔ ጋር መቅረቱ ያሳፍራታል። ከኬላው ቀን በፊት በነበረው ምሽት አልጋዋ ላይ ሆና እግሯን ቅባት እያሸች «ሰው ሁሌ እኛን ሲጠብቅ አያምርም እኮ» አለች።

«ጠብቁኝ አልኳቸው?»

«ኧረ ስትረስ አታድርጊ! እኔ ለአንቺ ብዬ ነው። ሲሰለቹሽ አይታየኝም?»

«አይሰለቹኝ። አንቺ ከሰለቸሽ ቅደሚ።»

«አንቺ ደግሞ!» ብላ መብራቱን አጠፋች።

ጠዋት ብስክሌቴን ላወጣ ስሄድ ቫኑ ጣሪያ ላይ ታስሮ አገኘሁት። አስጎብኚው እጆቹን አጣምሮ ቀረበኝና ዛሬ መንገዱ ፀሐይ እንደሆነ፣ በቫን ብሄድ፣ ኬላው ጋ ሲደርሱ ከነሱ ጋር በእግሬ እንደማልፍ፣ ብስክሌቴን ሰዎች በጋሪ እንደሚያሻግሩልኝ ነገረኝ።

ብስክሌቴ በጋሪ፣ እኔ ከጋሪው ኋላ። «አልደከመኝም። እነዳለሁ» አልኩት።

«ደህና ነዎት? ምንም አልተሰማዎትም? እርግጠኛ ነዎት?»

እርግጠኛ ነኝ ልለው ትንፋሼን ሳብኩ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ሚዜዬ ዞረ። እሷ ጎንበስ ብላ ማርሿን ታስተካክላለች።

«ንገሪው እንጂ!» አልኳት በአማርኛ። «ደህና ናት በይው!»

ቀና ሳትል «የነሱ ሕግ ነው መሰለኝ፣ ኢንሹራንስ ምናምን። ዛሬን እረፊ በቃ፣ እኔ ፎቶ አነሳልሻለሁ» አለች።

ሰዎቹ ሁሉ ኮርቻ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ሁሉም በሐዘኔታ ያየኛል። ገባሁ። ቫኑ ውስጥ በሻንጣዎች መሃል ተቀመጥኩ። መጋረጃው ተዘግቶ ነበርና ከፈትኩት።

ሹፌሩ የኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ «ኦኬ» ብቻ ያውቃል። በመስታወቱ እያየ «ኦኬ?» ይለኛል። ሳብ አድርጌ እመልስለታለሁ። ትንሽ ይሄድና «ኦኬ?» እኔም ሳብ። በሦስተኛው ፍሬን ረግጦ መኪናውን ወደ ዳር አወጣና በሩን ከፈተልኝ። አንድ እጁ ላይ ውሃ፣ አንድ እጁ ላይ እዚያ አገር ለሁሉም ነገር የሚቀቡት የሚሸት ቅባት ይዟል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። እኔን ነበር የሚያሳየኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ይህ ሰው አያውቅም፤ ልጁም አያውቅም፤ ከየት ያውቃሉ? እሷ ግን ራሷ በዚያችው ትንፋሽ ነው አዎ የምትለው። በየምሽቱ አጠገቤ ተቀምጣ አይታለች። ምን ማለት እንደሆነ የገባትም እሷ ብቻ ናት።

ለሹፌሩ አንገቴን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ትንፋሼን ሳብኩለት። «ኦኬ ማለት ነው» አልኩት፣ አውራ ጣቴን አንስቼ። ደግሜ አሳየሁት። ቆይቶ ገባው። ጉልበቱን እየመታ ሳቀና ራሱም ሳብ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ። ሳላዝዘው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገመዱን ፈታ። ብስክሌቴን ሲያቀብለኝ ፍሬኗን ነካሁ፣ ካቴናዋን አየሁ፣ ጎማዋን ጨመቅኩ። ኬላው ከፊት ለፊት ይታያል። እስከዚያ ነዳሁ፤ እሱ በዝግታ ከኋላዬ መጣ።

ቫኑ ቀድሟቸው ስለነበር ሌሎቹ ትንሽ ቆይተው ደረሱ። አስጎብኚው ብስክሌቱን ይዤ ሲያየኝ ሹፌሩ ላይ ጮኸ። ሹፌሩም መልሶ ጮኸበትና ትንፋሹን እየሳበ አሳየው። ልጁ ግራ ገብቶት ሚዜዬን ጠየቃት። «ይህ እውነት ነው? እናንተ አገር አዎ ማለት ነው?»

«ኦ፣ የስ!» አለች እየሳቀች። «እንደዚያ ነው የምንለው። የምታውቅ መስሎኝ!»

ልጁ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ወደ እኔ ዞሮ «ጓደኛዎን ጠይቄ ነበር፤ አስም አለባት ወይ ብዬ። አላውቅም፣ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ብታርፍ ይሻላል አለችኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ።

እንግሊዝኛውን እንደማልሰማ ሁሉ እሷ ወዲያው በአማርኛ ገባች። «እሱ አጋኖት ነው። ብትወድቂ ለልጆችሽ ምን ልበል? ለአንቺው ተጨንቄ እኮ...»

«ጆንያውን ነግሬሽ ነበር» አልኳት።

ማልቀስ ጀመረች። አንደኛዋ አሜሪካዊት ጀርባዋን ታሻት ገባች። እኔን ማንም አላሸኝም፤ እኔ አላለቀስኩም።

ፓስፖርቴ ላይ መውጫው ሲመታ ልጁ «ቀስ ብለው መንዳት ይችላሉ» አለኝ። ከዚህኛው በር እስከዚያኛው ያለው መንገድ አጭር ነው። ቀይ አፈር የለበሰ አስፋልት፣ ጣሪያው ወርቅማ የሆነ የቁማር ቤት፣ ጥላ ሥር የተኛ ውሻ፣ ሸንኮራ የጫነ ጋሪ። ሁሉንም አየሁ። ድንበሩ መሬት ላይ አልተሰመረም፤ የቱ ጋ እንዳለፍኩ አላውቅም። ግን ዓይኔ ተከፍቶ፣ ቀና ብዬ፣ እግሬ ፔዳል ላይ ሆኖ ነው ያለፍኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በንዴት ጥርሴን ነክሼ ነው የነዳሁት፤ ያንንም ነው የማልምራት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ንዴት ሞልታበት ሰጠችኝ።

በካምቦዲያው በኩል መጀመሪያ የጤና ጣቢያ አለ። አፏን የሸፈነች ሴት ግንባሬ ላይ የሙቀት መለኪያ ደቅና ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ችግር እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ። «ኖ፣ ኖ፣ ሺ ኢዝ ጀስት...»

ዞርኩ። «ዝም በይ።»

«ልረዳሽ ብዬ እኮ ነው!»

«ማን ጠየቀሽ? ከዛሬ ጀምሮ ስለኔ አንድ ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ለሐኪምም፣ ለፖሊስም፣ ለማንም።»

«በሰው ፊት እንዲህ ታደርጊኛለሽ?»

«አማርኛ አይሰሙም። አስተርጉሚላቸው ከፈለግሽ።»

ለሴትዮዋ ራሴ መለስኩላት። ትኩሳት የለም፣ ሳል የለም፣ ትንፋሼ ጤነኛ ነው አልኳት። እለፊ አለችኝ።

ወዲያ ማዶ የተቀበለን የካምቦዲያው አስጎብኚ ሌሎቹ እስኪያልፉ ጥላ ሥር እንድንቆም ነገረን። ሚዜዬ ዓይኗን ጠርጋ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ስልኳን አውጥታ መጣች። «ነይ በቃ፣ አብረን እንነሳ። የመጣንበት አይደለ?» ብላ ክንዷን ትከሻዬ ላይ ልታደርግ ዘረጋች።

ክንዷን አወረድኩት። «ብቻዬን አንሺኝ» አልኳት።

ወደ ኋላ ሄዳ ስልኩን ወደ እኔ ደገነች። ኬላውን ከጀርባዬ፣ ብስክሌቴን በእጄ አድርጌ ቆምኩ።

«ፈገግ በይ እንጂ» አለች።

አላልኩም።