በሊትር አስር፣ ከደንገጎ ቁልቁል

የጫት በርጫ ላይ ነዳጅ የሚበላ መኪና አይቼ አላውቅም። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጥላ ስር፣ አምስት የአሮጌ ሚኒባስ ባለቤቶች ከሰዓት ከሰዓት እንቀመጥ ነበር። ጫቱ ሞቅ ሲያደርግ የአንዱ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ የሌላው አስር፤ ወደ ማምሻው አስራ ሁለት የገባችም ነበረች። ጠዋት የናፍጣ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ግን ሁላችንም ጀሪካን ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን ነው።

መኪኖቻችን ሰው አይጭኑም። የኋላ ወንበራቸውን ነቅለን የጣውላ አልጋ መትተንባቸዋል፤ ከአልጋው ስር ሰልባጅ ልብስ አጭቀን ከገበያ ገበያ እንዞራለን፣ ገበያው በዋለበት እዚያው ውስጥ እናድራለን። ዕድሜያቸውን አትጠይቁኝ፤ ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት ያሳፍራል።

ከአምስታችን አንዱን ስጠላው ኖሬያለሁ። እሱም አላሳፈረኝም፣ አብልጦ ጠልቶኛል። የእሱና የእኔ መኪና በጅቡቲ በአንድ መርከብ የገቡ እህትማማቾች ናቸው፤ ሞተራቸው አንድ ነው፣ የዛጉትም አንድ ቦታ ነው። እንግዲህ ልዩነት ካለ ልዩነቱ ሹፌሩ ነው፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። የእኔ በሊትር አስር ትሄዳለች ስል፣ አንተ መንዳት አትችልም ያልኩት ይመስለዋል። ይመስለዋል አልኩ እንጂ ማለቴም ነበር።

ባለፈው ዓመት ወገቤ እምቢ አለ፤ ሐኪሙም መሪ እንዳትይዝ አለኝ። መጋላ ውስጥ አንዲት እናት የጨርቅ ሱቃቸውን ሊለቁልኝ ተስማምተው እስከ ጁምዓ እጠብቅሃለሁ አሉኝ። ሱቁን የማገኘው መኪናዋ ከተሸጠች ብቻ ነው።

ማክሰኞ ገዢ መጣ። ሁርሶ ለወታደር መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ እንደኛው ገበያ እየዞሩ ሊነግዱ አስበዋል። አልጋዋ ላይ ተጋድመው ሞከሯት፣ ወደዷት። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሊትር ስንት ትሄዳለች?

«አስር» አልኩ።

ጠላቴ ጉንጩን እንደወጠረ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣ «አቦ ሃምሳ አለቃ፣ ስድስት ይበሉት። አስሩ የምርቃና ነው» አለ።

ሌሎቹ ሳቁ። ሃምሳ አለቃ አልሳቁም፤ የያዙትን ቁልፍ መለሱልኝ።

ደሜ ፈላ። ሁለታችንም ሰልባትዮውን፣ የናፍጣ ጋኑን፣ አፉ ድረስ እንሙላ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተን እንመለስ፣ የጎደለውን ናፍጣ በሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ እየለካን እንተካ አልኩ። ያንተን ብቻ ለካ አለኝ። ፈራህ እንዴ አልኩት። በሶማሊኛ ወርያ ብሎ ጠራኝ፣ በኦሮምኛ ሰደበኝ፣ በአማርኛ ቁልፌን አምጡ አለ።

ሲሞላ መኪናውን ከጎን ይዞ ይወዘውዘው ጀመር፤ አየሩ ወጥቶ ናፍጣው ጥቅጥቅ ብሎ እንዲገባለት ነው። ስንመለስ ግን፣ የሚተካው ትንሽ እንዲሆንለት፣ እንደማይወዘውዘው አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ አስቤ ስለነበር። ሃምሳ አለቃ ሁለታችንንም ገለል አድርገው በእጃቸው ሞሉና እኔ ጋ ገቡ።

ዳገቱን እኩል ወጣነው፤ ሁለተኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ። ደንገጎ ላይ ዞርን።

አሁን የምለውን የድሬ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ለገዢ ግን ማንም አይነግረውም። በርጫ ላይ የምንጠራው ቁጥር በሙሉ ቁልቁለት ያለበት ነው። ማርሹን ፍሪ፣ ሞተሩን ጭጭ ታደርገዋለህ፤ መኪናው በገዛ ክብደቱ ድሬ ይገባል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ስለዚህ በሁለት እግር ትቆምበታለህ። እኔም አጠፋሁት። ኩርባው ላይ ሃምሳ አለቃ በማስተማሪያ መኪና የለመዱትን የአስተማሪ ፍሬን እግራቸው ስር ባዶው ወለል ላይ ሲፈልጉ አየሁ።

«ሞተሩ ጠፋ?» አሉኝ።

«አረፈ» አልኳቸው።

በመስታወት ሳይ ያ ሰውዬ ከኋላችን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ እንደ አህያ ይወርዳል። ከት ብዬ ሳቅሁ።

መጋላ ደርሰን ተለካ። ደርሶ መልሱን አርባ ኪሎ ሜትር ብለን ነበር። የእኔ ሁለት ፕላስቲክ ጠጣች፤ አራት ሊትር፣ ልክ አስር። የእሱ ሁለት ተኩል ጠጥታ ስምንት ላይ ቀረች። አስሩን ጮክ ብዬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩለት።

ሃምሳ አለቃ ግን ከሚጠጡት ውሃ ትንሽ ወስደው የፊት ጎማዬ ብረት ላይ አፈሰሱ። በፍሬኑ ግሎ ኖሮ ቸስ አለ። ሄደው የእሱ ላይም አፈሰሱ፤ ውሃው ዝም ብሎ ወረደ።

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። የእሱ በማርሽ የወረደው ጨዋ ስለሆነ አይደለም፣ የፍሬን ሸራው አልቆ ነው፣ ይጠይቁት አልኳቸው። ጠየቁት። እንደሚክድ እርግጠኛ ነበርኩ። ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ፣ አዎ፣ ካለቀ ወር ሆኖታል አለ። በዚያ ሰው አፍ እውነት ስትወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ያወጣትም እኔን ለማቃጠል ነው።

«ሸራ ይቀየራል» አሉ ሃምሳ አለቃ። «እሱን ብጠይቀው አዎ አለኝ። አንተን ሞተሩ ጠፋ ብልህ አረፈ አልከኝ። ሌላ ምን ምን አርፎ ይሆን?»

መልስ ነበረኝ፤ ጮክ ብዬም ተናግሬዋለሁ፣ እዚህ ግን አይጻፍም። ሐሙስ አዲስ ሸራ አሰርተው የእሱን መኪና ይዘው ሄዱ። ጁምዓ ሱቁን ሌላ ሰው ያዘው።

ያ ሰውዬ አሁን መኪና የለውም፤ ከጥላው ስር ግን አልቀረም። እኔ ጋ ገዢ በመጣ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ይመሰክርልኛል። በሊትር አስር ትሄዳለች፣ ሲለካ በዓይኔ አይቻለሁ ይላቸዋል። ከዚያ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ጫት ቆርጦ ሰጥቶ፣ ደንገጎን እንዴት እንደወረድኩት ይነግራቸዋል።