ዝቃጭ ጭነን ወደ ድንጋይ ካባው

ቅዳሜ ንጋት፣ ሶዶ

ዳሞታ ተራራ ገና ጉሙን አልገፈፈም። የተሳፈርኩት ሲኖትራክ ላይ ነው፤ ጭነቱ ደግሞ፣ ይቅርታ አንባቢ፣ ከከተማው ሽንት ቤቶች ተመጦ፣ ታክሞና ደርቆ አፈር የመሰለ ዝቃጭ። አፍንጫዬን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የሸተተኝ ግን ዝናብ የነካው መሬት ነው። ሾፌሩ ታደሰ ጸሎቱን አድርሶ ሞተሩን አስነሳ።

«ሶዶ የበላችውን ነው የምንመልሰው!» አለኝ እየሳቀ።

መሃላችን የተቀመጠችው የውሃ ባለሙያዋ ብርቱካን አልሳቀችም። አምና የመጀመሪያው ጭነት በድንጋይ ካባው ላይ ሳር እንዲያበቅል ከተበተነ በኋላ ከካባው በታች ካለው ምንጭ ናሙና ቀድታ ነበር፤ ውጤቱ እስካሁን አልደረሳትም። ዛሬ ሁለተኛውን ልታራግፍ ነው።

ረፋዱ ላይ፣ በዴሳ

ገበያው በበቆሎ ጆንያና በፍየል ተጨናንቋል፤ ሞተረኞች በመሃል ይሹለከለካሉ። ሙዝ ገዝተን ወደ ጠጠር መንገዱ ታጠፍን።

ካባው የኮብልስቶን ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ ነው። ባዶ ድንጋይ ከነበረው ግማሹ አሁን ጉልበት የሚደርስ ሳር ለብሷል። እኔማ በደስታ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ባለ መሬቱ አቶ ጳውሎስ ሰንጋቸውን እየደባበሱ ጠበቁን።

«ሌላውንም ግማሽ ዛሬ አልብሱልኝ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረቡ፤ ከምንጩ የተቀዳ ውሃም በየብርጭቆው ሞሉ። ዳጣው እሳት ነው። ብርቱካን እንባዋ እየወረደ ብርጭቆውን አልነካችም።

«አምና ደጋግመሽ ጠጥተሽ ነበር» አሉ ወይዘሮ አልማዝ።

«አዎ።»

«ዛሬስ?»

«ውጤቱ አልመጣም፣ እትዬ አልማዝ። ምናልባት ምንም የለበትም። ግን አላውቅም።»

«እኛ እኮ እየጠጣን ነው!»

ሳሩን ሳደንቅ የቆየሁት ሰውዬ አፈርኩ። ብርቱካን ተነስታ ታደሰን እንዳያራግፍ ነገረችው። ውጤቱ እስኪታወቅ ከላይኛው ምንጭ እንዲቀዱም ለመነቻቸው።

«ሳሩስ?» አሉ አቶ ጳውሎስ።

ከቀትር በኋላ፣ መልስ

ላይኛው ምንጭ ሩቅ ነው። ወይዘሮ አልማዝን ከነባዶ ጀሪካኖቻቸው ጋቢና አስገብተን ተጠጋግተን ሄድን። ታደሰም ቀልድ ጠፋበት። የምንጩ መገንጠያ ላይ ስንቆም ወይዘሮ አልማዝ ወደ ብርቱካን ዞሩ።

«መጥፎም ቢሆን ትነግሪናለሽ?»

«ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለችና ውሃውን እስከ ቤት ልታግዛቸው አንዱን ጀሪካን ይዛ አብራቸው ወረደች። እኔና ታደሰ ብቻችንን፣ ከነጭነታችን፣ ሲመሽ ሶዶ ገባን።