አሥራ ሦስት ከሃያ

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ነበር። ወይስ አሥራ ዘጠኝ? ወረቀቴ ላይ ያለው ማህተም ቀለሙ ፈዟል፤ ስንት ጊዜ ወደ ብርሃን አስጠግቼ ባየው አልለይልህ ብሎኛል። ማክሰኞ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም። የሬጅስትራሩ አምስተኛ መስኮት ውጭ ተምረው የመጡትን የሚያስተናግደው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነበር፤ ያን ሐሙስ ደግሞ ጥርሴን ልነቀል ቀጠሮ ነበረኝ።

ከመስኮቱ ጀርባ የሚቀመጡትን ሰው ጋሽ ነጥብ እንላቸዋለን። ከደመወዝ ከፋይዋ በቀር እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ሥራቸው ሌላ አገር የተሰጠ ውጤት እኛ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ስንት እንደሚሆን ማስላት ነበር። ደንቡ ከእሳቸው በፊት እዚያ ወንበር ላይ ከነበሩት ሠራተኛ የተረከቡት አንድ መስመር ነው፦ ሁሉም ወደ መቶ ይቀየራል። ከሃያ የታረመ በአምስት ይባዛል፣ ከአራት የታረመ በሃያ አምስት። መጀመሪያ በእጃቸው ያባዛሉ፣ ቀጥሎ በካልኩሌተር፣ ከዚያ እንደገና በእጃቸው፤ ካልኩሌተሩን ለማጣራት።

በአማላጅ የሚበገሩ ሰው አልነበሩም። የሚስታቸውን ወንድም ልጅ ነጥብ ሁለት ጎደለህ ብለው መልሰውት አማቾቻቸው ሁለት ዓመት አኩርፈዋቸዋል። ሚስታቸው ምሳ አቅርበው “እንዴት ነው?” ሲሏቸው “ሰባ ስምንት” ይላሉ እያልን እንስቅ ነበር። ብንስቅም እናምናቸው ነበር። ከሳቸው እጅ የወጣን ቁጥር ማንም “እስቲ ይታይ” ብሎ አያውቅም።

በዚያ ማክሰኞ ከፊቴ የቆመችው አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች። የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል አንድ መምህር ይፈልጋል፤ አመልካቾቹ እሷና እኔ ነን። መስፈርቱ ሰባ አምስትና ከዚያ በላይ። ፎርሙን ስሞላ እስክሪብቶዋን አውሳኛለች፤ “ማናችንም ብንገባ ሻይ እንጋበዛለን” ተባብለናል።

ጋሽ ነጥብ ወረቀቷን አዩ፣ አባዙ፣ ደግመው አባዙ።

“እህቴ፣ ስልሳ አምስት ነው።”

“ስንት አሉኝ?”

“አሥራ ሦስት በአምስት። ስልሳ አምስት።”

“ጋሼ፣ እዚያ እኮ ሃያ የሚያገኝ ሰው የለም። አስተማሪዎቹ ራሳቸው አግኝተው አያውቁም።”

“ከሌለ ታዲያ ለምን ከሃያ አሉት?”

ወረፋው ሳቀ። እሷም ልትስቅ ሞከረች።

“ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ፣ ያንብቡት። ‘መልካም’ ይላል።”

“መልካም አይደለም አላልኩም። ስልሳ አምስትም መልካም ነው። የሚፈለገው ግን ሰባ አምስት ነው፤ እኔ ከየት ላምጣልሽ?”

“እባክዎ፣ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ” አለችና ዞር ብላ ወረፋውን አየች። ከሁላችንም ፊት ለፊት የነበርኩት እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ አውቅ ነበር። ተማሪ ሳለሁ እሷ የተማረችበት አገር ከተማረ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ኖሬያለሁ። አሥራ አራት ያገኘን ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ሳይቀር በስሙ ያውቀዋል ብሎ አጫውቶኛል። እኔ የተማርኩበት አገር ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ሥራውን በቀኑ ላስረከበ ሁሉ ኤ ይሰጣል፤ ቢ የሰጠ አስተማሪ ቢሮው በር ላይ አልቃሽ ይሰለፍበታል። የኔው አስተማሪ አንድ ጊዜ አስጠርተውኝ “ኤ ማይነስ ነው የሰጠሁህ፣ ቅር እንዳይልህ” ብለው ይቅርታ ጠይቀውኛል። ይህን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር እችል ነበር። አንገቴን ደፍቼ የራሴን ወረቀት አነበብኩ።

እሷ ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ተራዬ ደረሰ። ሦስት ነጥብ ስምንት ከአራት፣ በሃያ አምስት።

“ዘጠና አምስት ነጥብ ዜሮ ዜሮ” አሉ ጋሽ ነጥብ፤ መዝገቡ ላይ ከሷ መስመር ሥር ስሜን እየጻፉ። “እንኳን ደስ ያለህ።”

ሥራውን አገኘሁ። እሷ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግባቷን ከሰው ሰማሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አየኋት፤ እስክወርድ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ጋሽ ነጥብ ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ሲቀራቸው ልጃቸው እዚያው፣ ያቺ ሴት የተማረችበት አገር፣ ለትምህርት ሄደች። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት እንደወጣ ደወለች። ታሪኩን ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው።

“አባዬ! አባዬ! አሥራ ሁለት አገኘሁ!” ብላ ትጮሃለች።

“ከስንት?”

“ከሃያ ነዋ!”

አሰሉት። ስልሳ። “አይዞሽ የኔ ልጅ” አሏት። “ለሚቀጥለው በርትተሽ ታነቢያለሽ።”

“ምን አይዞሽ ትለኛለህ? ከክፍሉ ሁለተኛ ነኝ እኮ! አንደኛው አሥራ ሁለት ተኩል ነው!”

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ካሉበት ሳይነሱ ብዙ እንደቆዩ ነገሩኝ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ጊዜ ሳይቆጥሩ የቀሩት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። በማግስቱ የቆዩትን መዝገቦች ከምድር ቤት አስወጡ። በሳቸው እጅ ያለፉ የውጭ አገር ትምህርት ወረቀቶች አርባ አንድ ነበሩ። ለየዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፉ፦ በዚያ ዓመት ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ ያገኘው ስንት ተማሪ ነው? መልሱ እየዘገየ መጣ። የሷ ሲመጣ፣ ከሠላሳ ሁለት ተማሪ ከሷ የበለጠው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢሮዬ መጡ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ድሮ በመስኮቱ “አንተ” ይሉኝ የነበሩት ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው “ዶክተር፣ እንዳላስቸግርዎ” አሉኝ። አዲሱ የአቻ ግምት ወረቀት ላይ የሷ ስምና፣ እኛ ዘንድ ከክፍሉ ሁለተኛ የሚወጣ ተማሪ የሚያገኘው “ሰማንያ ስምንት” ተጽፎበታል። የኔ ፊርማ ይፈልጋል።

“አሁን ምን ያደርግላታል ጋሼ?” አልኳቸው።

“ምንም።”

“ታዲያ?”

“ስሕተቱ የኔ ነው። እርማቱም ከኔ እጅ ይውጣ።”

ፈረምኩ። እንደ ማንኛውም ወረቀት።

በሳምንቱ ዓርብ ተመልሰው መጡ። የመጨረሻ የሥራ ቀናቸው ነበር። የጠረጴዛቸውን ዕቃ በካርቶን ይዘዋል፤ ከላይ ማስመሪያቸውና ያ አሮጌ ካልኩሌተር ይታያል፤ በብብታቸው አዲሱን ስሌት የሠሩበትን የደብተር ጥራዝ ሸጉጠዋል። ወረቀቱን ሴትየዋ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ሰጥተዋታል። የመምህራን ክፍል ውስጥ ደብተር ስታርም አገኟት። መጀመሪያ አላወቀቻቸውም።

“ወረቀቱን አነበበች” አሉ። “ከዚያ ‘ምን ታይቶዎት ነው ዛሬ?’ አለችኝ። የልጄን ነገር ነገርኳት። ‘ስንት አገኘች?’ አለች። አሥራ ሁለት አልኳት። ‘ውይ ጎበዝ! እኛ ብንሆን በጭብጨባ ነበር የምንሸኛት! እርስዎስ ምን አሏት?’ አለችኝ። ‘አይዞሽ’ ነው ያልኳት ስላት በሳቅ ሞተች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ እንባው ግን አልቆመም።”

“ተቀየመችዎት?”

“ኧረ የለም። ብትቀየመኝ ደግ ነበር። ወንበር ስባ ‘አረፍ ይበሉ’ አለችኝ። ወረቀቱን ከሚታረሙት ደብተሮች መሀል ከተተችው። ወዲያው ደወል ተደወለና ‘አራተኛ ክፍል እየጠበቁኝ ነው’ ብላ ወጣች።”

ጋሽ ነጥብ ጥራዙን ብብታቸው ውስጥ አጠበቁት።

“አርባ አንዱንም ጨረስኳቸው” አሉ። “የሁሉም ውጤት ከፍ አላለም። የወረዱም አሉ።”

ይህን ሲሉ አላዩኝም፤ በሩን ነበር የሚያዩት። አርባ አንዱንም ከጨረሱ፣ እኔ ከተማርኩበትም መልስ መጥቷል ማለት ነው። ያን ዓመት ስንቶቻችን ኤ እንዳገኘን ጋሽ ነጥብ ያውቃሉ። የኔ መስመር ከሷ ቀጥሎ እንደሆነም ያውቃሉ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

“ጋሼ...”

“ሰርቪሱ ያመልጠኛል ዶክተር” አሉና ካርቶኑን አነሱ። “ሾፌሩ ዛሬ እንኳ አይጠብቀኝም።”

ለመሸኘት ጠረጴዛውን ዞሬ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ደረጃውን ጨርሰው ነበር። በመስኮት ቁልቁል አየሁ። ካርቶኑን መጀመሪያ ቀድማ ለገባች አንዲት ፀሐፊ አቀበሉ፣ ቀጥለው ጥራዙን በብብታቸው እንደያዙ ራሳቸው ገቡ፤ ሰርቪሱም ተንቀሳቀሰ።